ስልክ የማያነሱት አዛውንቶች

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ዛሬም ያው ነው። ስድስት በጎ ፈቃደኞች፣ ስድስት ስልክ፣ አንድ የሚንቋቋ ወንበር። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ሲደውሉ ዋሉ። እኔ ቅጽ እሰበስባለሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ነው ያለው፦ «አነሱ» እና «አላነሱም»።

በመሃል እናቴ ጋ ደወልኩ። ሁለት ደቂቃ።

«በልተሻል?» አልኳት።

«በልቻለሁ። በይ ሥራሽን ሥሪ።»

ለሰው እናት ጊዜ አለኝ፣ ለራሴ ግን... ተይው።

ጥር 9፣ አርብ

አለቃዬ የስድስት ወሩን ቁጥር አየና መነጽሩን አወለቀ። መነጽር ካወለቀ ነገር አለ። ሐምሌ ላይ ከመቶ ጥሪ ዘጠናው ይነሳ ነበር። አሁን ሃምሳ አምስት።

«ሰልችተውናል» አለ። «ረጂዎቹ በወሩ መጨረሻ ይመጣሉ። ይሄን ካዩ ሥራውን ይዘጉታል። እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ።»

«ምናልባት ስልካቸው ተበላሽቶ...»

«የዚህ ሁሉ ሰው፣ ባንዴ?»

ቅጾቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

«አላነሱም» የበዛበት የማን ቅጽ ነው ብዬ ሳገላብጥ፣ የእትዬ ቲኬት ሆኖ አረፈው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። እሳቸው ደውለው የሚሰለች ሰው አለ? ድንጋይ ያስቃሉ እኮ። ነገ የማያነሱላቸው አዛውንቶች ጋ ቤት ለቤት ልሂድ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

መጀመሪያ አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ጋ። ሦስተኛ ፎቅ። አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ከውስጥ ሳቅ...

ስልኩን በጆሮና በትከሻቸው መሃል ይዘው ከፈቱልኝ። በእጃቸው ቁጭ በይ አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ቁጭ አልኩ። ከአንዲት ጡረተኛ ነርስ ጋር ስለ ጎረቤት ድመት እየተከራከሩ ነው።

«ከየት አወቋት?» አልኩ ሲጨርሱ።

«የእናንተዋ ቲኬት ቆራጭ ናታ ያስተዋወቀችን። ‹እኔ በሳምንት አንዴ ነው የምደውለው፣ እርስ በርስ ተደዋወሉ› አለች። ከሌሎቹም ደዋዮች ሰዎች ገብተውበት አሁን ወደ ሠላሳ ሆነናል።»

«እኛ ስንደውልስ?»

«ልጄ፣ ስልኩ መች ያርፍና።»

ደረጃውን ስወርድ ገባኝ። መስመሩ ተይዞ ነው። «ተይዟል» የሚል ሳጥን ስለሌለ «አላነሱም» ውስጥ ይጨመራል። ቅጹን ማን አዘጋጀው? እኔ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

እትዬ ቲኬትን ለብቻቸው ጠራኋቸው። የአንዱን ቁጥር ለሌላው መስጠት ክልክል ነው፤ ፈርመውበታል።

«ሁለቱም እሺ ሳይሉ አልሰጠሁም» አሉ። «እኔ አውቶቡስ ላይ ስንቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አስተዋውቄያለሁ የኔ እናት። አፉን ዘግቶ ተሳፍሮ አፉን ዘግቶ የሚወርድ ሰው አልወድም።»

«ሊያሰናብቱዎት ይችላሉ።»

«ያሰናብቱኛ። ወሬው እንደሆነ አንዴ ተጀምሯል።»



ጥር 27፣ ማክሰኞ

ሦስተኛ ሳጥን በእርሳስ ጨምረን ሳምንቱን ሙሉ ቆጠርን። ከመቶው ጥሪ ሃምሳ ስድስት «አነሱ»፣ ሠላሳ አምስት «ተይዟል»፣ ዘጠኝ «አላነሱም»። ዘጠኙ ጋ ሰው ላክን። አንደኛው አባት ሦስት ቀን አልጋ ላይ ናቸው፣ ውሃ እንኳ የሚያቀብላቸው የለም። እስካሁን እንዲህ ያለው ስንቱ ከተያዘው መስመር ጋር ተደባልቆብናል? እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ጥር 30፣ አርብ

ረጂዎቹ መጡ። አንዷ ወረቀቱን አየችና፣ «እርስ በርስ ካወሩማ እናንተ ለምን ታስፈልጋላችሁ?» አለች። አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ።

«ለዘጠኙ» አልኩ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ስለዋሉት አባት ነገርኳት።

አንድ ዓመት ሰጡን። ሲወጡ አለቃዬ ጠጋ ብሎ፣ «የሴትዮዋን ጥፋት ደንብ አድርጊው» አለኝ። «የሁለቱም ፈቃድ በፊርማ ይሁን። ሌሎቹንም እሳቸው ያስተምሩ።»

የካቲት 9፣ እሁድ

ባለፈው እሁድ እናቴን አስፈቅጄ ቁጥሯን ለእትዬ ቲኬት ሰጥቼ ነበር። «የማላውቀው ሰው ምን ይለኛል?» ስትል ነበር የከረመችው።

ዛሬ ደወልኩላት። ተይዟል። ሻይ ጠጥቼ ደወልኩ። ተይዟል። ምሳ ሰዓትም ተይዟል። አልዋሽም፣ ትንሽ ቀንቻለሁ።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ቤቷ ልሄድ ነው።