ጥሬ ብዬ የጻፍሁት ቲማቲም

ሰኞ

ስህተቱ የእኔ ነው፤ በማንም ላላክክ አልችልም። የግዢ ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ ባለፈው ሳምንት፣ «መንግሥት ለተፈናቃዮች ትኩስ ቲማቲም ከገበሬው ይገዛል ብለህ ጽፈህ ለጥፍ» አሉኝ። ትኩስ ማለት ከእሳት የወረደ መስሎኝ፣ በአራተኛ ክፍል ዕውቀቴ አርሜ «ጥሬ ቲማቲም» ብዬ ጻፍሁ።

ዛሬ ገበሬው ጋሽ ሰይድ ከግራና ቀበሌ የመስኖ ማሳቸው ቲማቲም ለቅመው በጋሪ መርሳ ከተማ ያለው መጋዘናችን አደረሱ። ሁሉም አረንጓዴ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ።

«ጥሬ ያላችሁ እናንተ! ወላሂ፣ የቀላውን ትቼ ነው የመጣሁት» አሉ።

ወይዘሮ አልማዝ ወደ እኔ ዞረው፣ «ትኩስ ስልህ ሻይ መሰለህ?» አሉኝ። ጫኞቹ ሳቁ።

ዓርብ ለተፈናቃዮች ስለሚታደል፣ እስከዚያ ያልቀላው ይመለሳል። ከተመለሰ የጋሽ ሰይድ የበጋ ልፋት ከንቱ ነው፤ እኔም ከመጋዘን ሥራዬ እሰናበታለሁ። አገሬ ጎጃም ሩቅ ነው፤ ስልኩም በጦርነቱ ስለ ተቋረጠ እናቴን ማማከር አልችልም።

ማክሰኞ

ጋሽ ሰይድ አልተቆጡኝም። «አይዞህ፣ ጭድ አልብሰው» ብለው አሳዩኝ። ጭዱን ሦስት ጊዜ ገልጬ አየሁ። ምንም የለም።

«እንዲህ ካፈጠጥህበትማ አፍሮ ሳይቀላ አይቀርም!» አሉኝ።

ረቡዕ

ጥቂቶቹ ከሥራቸው ቢጫ አሉ። ለምን ከሥር ይጀምራል? ከግንዱ ተለይቶ፣ ያለ ፀሐይ፣ ያለ ውኃ፣ ምን ያበስለዋል? የምሳ ሙዜን የረሳሁበት ሣጥን ከሁሉም ቀድሟል። ጋሽ ሰይድን ብጠይቃቸው፣ «ከሽታው ነው፤ እኛስ ማንጎውን በምን የምናበስለው ይመስልሃል?» አሉ። ከገበያ የበሰለ ሙዝ ገዝቼ በየሣጥኑ ጨመርሁ።

ሐሙስ

ግማሹ ቀላ። ግማሹ ገና ቡራቡሬ ነው።

ዓርብ

ቀዩን ለቅመን ጫንን። ስላልበቃ ወይዘሮ አልማዝ ፊታቸውን አጨፍግገው ሁለት ሣጥን ቡራቡሬ አስጨመሩ።

ከጋሽ ሰይድ ጋር የተፈናቃዮቹ መጠለያ ደርሰን ማደል ስንጀምር፣ ከቆቦ የተፈናቀለች የልጆች እናት ቀዩን አልፋ ቡራቡሬውን መምረጥ ያዘች።

«እህቴ፣ የበሰለው እኮ ይኸውልሽ» አሏት ወይዘሮ አልማዝ።

«እሱንማ ዛሬ እንጨርሰዋለን። እናንተ የምትመጡት በሳምንት አንዴ! ይሄኛው እስከ ማክሰኞ ያቆየኛል» አለች።

ከኋላዋ የተሰለፉትም «ለእኔም ቀላቅልልኝ» ይሉኝ ጀመር።

ወይዘሮ አልማዝ የመረከቢያ ደብተራቸውን ገለጡ። ከዚያ «ጋሽ ሰይድ፣ መጋዘን የቀረውንም ተረክበንዎታል» አሏቸው።

«አልሐምዱሊላህ!»

ለእኔ ያሉኝ ግን «ሰኞ በጊዜ ግባ» ብቻ ነው። ተቆጥተው ይሁን ታርቀውኝ ከፊታቸው አልተረዳሁም። ቢሆንም፣ ሰኞ ሥራ አለኝ ማለት ነው።