ጊዜያዊ ነው የተባለው ጥርስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ብርድ። የጉና ነፋስ ክፍል ድረስ ገባ። አንደኛ ክፍሎቼ ዛሬ "ሰ"ን ጀመሩ። "ሰ… ሱ… ሲ…" ስል ፉጨት ወጣ! ልጆቹም ተከትለው አፏጩ። ፊደሉ እንዲያ የሚባል መስሏቸው እኮ ነው… ሳቅሁ፤ አፌን በመዳፌ ሸፍኜ።
የሚያስፏጨኝ ባቄላ ቆሎ የሰበረው የፊት ጥርሴ ላይ የተደረገው ጊዜያዊ ሽፋን ነው። ዋናው ባሕር ዳር እየተሠራ ነው። እስከዚያ ቻል ማድረግ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥቼ እንባዬ መጣ። ድዴም ይደማል። ይሻው እራት ላይ "ለጥርስ ሐኪሟ ለምን አትነግሪያትም?" አለ። ባሌ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስለዋል። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ ለፍታ ነው የሠራችልኝ። ለጊዜያዊ ነገር ለምን ላስቸግራት?

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ቅዳሴ ሄድኩ። እንዳላፏጭ ብዬ ማንንም ሳላናግር ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19
ይሻው ጎትቶ ክሊኒክ ወሰደኝ። ዶክተር ሂክማ በትንሿ መስታወት አየች። ከዚያ ቀጭን ብረት በሽፋኑ ጠርዝ ሥር ሰደደች። ገባ!
"መምህርት፣ ያምዎት ነበር?"
"ትንሽ።"
"ምራቅ እየገባበት እኮ ነው! ከሥር ያለው ጥርስዎ ከበሰበሰ ዋናውን በምን ላይ አለብሰዋለሁ? መንቀል ሊሆን ነው።"
መንቀል… ክው አልኩ።
ያኛውን ሽፋን የሠራችው ዱቄትና ፈሳሽ በጥብጣ ነበር። ሲጠነክር ይግላል፣ ይኮማተራል፤ ክፍተቱ ከዚያ የመጣ ነው አለች። የተሻለው አልቆባት ነበር፤ አሁን መጥቶላታል። እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ የሚወጣ ነገር ነው፤ እንደ ዱቄቱ አይኮማተርም። ልክ ወሰደች፣ ሠራች፣ ጠርዙን ሞረደች። ብረቱን ዙሪያውን ስባ ፈተሸችው። የትም አልገባም።
"ቆይ፣ ለምን አልመጡም?"
"እንዳላስቸግርሽ ብዬ…"
"ሥራዬ እኮ ነው!" ተቆጣችኝ። ወደድኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ውኃ ጠጣሁ። ምንም የለም። ደግሜ ጠጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ዋናው መጣ። ያምራል። ጊዜያዊው ሲወልቅ ድዴ አልደማም፤ ከሥር ያለው ጥርስም ንጹሕ ነው። አዲሱን አስገባችና መስታወት ሰጠችኝ። ይሻው ከበሩ ላይ "እሰይ!" አለ።
ስነክስ ግን… እሱ ከሌሎቹ ቀድሞ ነካ። በምላሴ ዳሰስኩት፣ አንድ ጎኑ እንደ ደረጃ ነው።
"ተስማማዎት?"
ባሕር ዳር ድረስ ተልኮ የመጣ ነገር። ልጅቱም ደስ ብሏት ቆማለች። ምን ልበላት?
"አልተስማማኝም" አልኩ።
ይሻው አፈጠጠብኝ። እሷ ጎንበስ ብላ ብረቷን ሰደደች። በአንድ ጎን ገባ። ፊቷ ትንሽ ጠቆረ።
"እውነትዎን ነው። ይመለስ።" ጊዜያዊውን መልሳ ለጠፈችልኝ።
መንገድ ላይ ይሻው "እንደገና ልትጠብቂ?" አለኝ።
"ዕድሜ ልኬን አብሬው ልኖር አይደል? እጠብቃለሁ።"