አቶ ኤልደን ክሩገርና ሳያልቅ የቀረው የ1947 ውድድር

አቶ ኤልደን ክሩገር ከአባታቸው ከአቶ ኦቶ ክሩገርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልዳ ብራንት፣ በኢንዲያና ግዛት በማርበሪ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1941 ተወለዱ። አባታቸው በሥራ ቀን ግንበኛ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የማርበሪ ቤዝቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበሩ።

በ1947 በጋ ማርበሪ ሊጉን እየመራ ሳለ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ጠራርጎ ወሰደው፤ አሥራ ዘጠኝ ጨዋታ ሲቀር ውድድሩ ተሰረዘ። አቶ ኦቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው "ቢያጫውቱን ኖሮ ዋንጫው የኛ ነበር!" ይሉ ነበር። ጎረቤቶቻቸውም "አይ ኦቶ፣ ያንተን ዋንጫ ዓሣ በልቶታል" እያሉ ያበሽቋቸው ነበር። አቶ ኤልደን ይህን እየሰሙ አደጉ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1959 አጠናቀው፣ በከተማው የእህል ጎተራ በመዛኝነት ለአርባ አራት ዓመታት አገልግለዋል። በ1966 ከወይዘሮ ዊልማ ሃስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሎይስንና ማርጂን ወልደዋል።

ጡረታ እንደወጡ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ የቤዝቦል ሜዳ አደረጉት። ከአሮጌ ጋዜጦች ውጤት ለቅመው፣ ለ1947 ተጫዋቾች ሁሉ ያኔ በተጫወቱት ልክ በእጃቸው ካርድ ሠሩ። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ያለባቸውን ሁለት ዳይስ ጥለው፣ ቁጥሩ በተጫዋቹ ካርድ ላይ ምን እንደሚል አይተው የሆነውን በደብተር ይጽፉ ነበር። ካርዶቹ እንዳይዋሹ ብለው የተደረጉትን ጨዋታዎች በሙሉ ሦስት ጊዜ ደገሙ፤ ወደ ቀሩት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ የዳይስ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ከጠረጴዛ የወደቀ ዳይስ አይቆጥሩም። እርሳቸው ግን በደብተራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ "መሬት ቢወድቅም ይቆጠራል" ብለው ጽፈዋል። ለአባታቸው እንኳ አላደሉም፤ አንድ እሁድ አባታቸው ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ሲገባ ምሳ አልበላም ብለው ዋሉ።

አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ። በ2019 የልብ ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው የመጨረሻው ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማርበሪ በአንድ ነጥብ እየመራ፣ የተጋጣሚው አንድ ሯጭ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በካርዱ ኳስ የሚወረውሩት አባታቸው አንድ መቺ ብቻ ካስወጡ ዋንጫው የእነርሱ ሆነ። እጃቸው ግን ዳይሱን መያዝ አቃተው።

"ዊልማዬ፣ አንቺ ጣይልኝ።"

"እኔ? አሥራ ስድስት ዓመት 'አትንኪ' ስትለኝ ኖረህ?"

ወይዘሮ ዊልማ ጣሉት። አንዱ ትሪው ላይ ስድስት ሆኖ ቆመ፤ ሌላው ተንከባሎ አልጋው ሥር ገባ። ከስድስቱ ጋር አምስት ከሆነ ኳሱ አጥር ይሻገራል፣ ሯጩና መቺው ሁለት ነጥብ ያገባሉ፣ ማርበሪም ይሸነፋል። ወይዘሮ ዊልማ ተንበርክከው አዩት። ከእርሳቸው በቀር ያየ ሰው የለም፤ ቢዋሹ የሚያውቅባቸው አልነበረም።

"ስንት ነው?"

"አምስት" አሉ። "ኤልደን፣ መሬት ነው እኮ የወደቀው፣ ልድገመው?"

"የወደቀው ወደቀ። ጻፊው።" ቀጥለውም ፈገግ ብለው "እንኳን አባዬ ይህን ሳይሰማ ሞተ" አሉ።

በማግስቱ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2019፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። ደብተሩ አብሯቸው ይቀበራል። የመጨረሻው መስመር በወይዘሮ ዊልማ እጅ የተጻፈ ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአባታቸው ጎን ያሳርፍልን፤ ውጤቱንም ራሳቸው ይንገሯቸው።