ከኋላሽ ቆሜ የነገርኩሽ ስንኝ

ውድ ዝንጉዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንዳለሽ ባለፈው እሁድ መጥቼ በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ግን አላወቅሽኝም። "ግቢ እናቴ፣ ቁጭ በይ" አልሽኝ፣ እንደማንኛዋም መንገደኛ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ገንዳ ላይ አንሶላ ያጠብን ሰዎች! ከዚያ እጄን ያዝሽና "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ግጥሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ቡድኑን ያፈረስኩት እኔ ነኝ" አልሽኝ። ልጅሽ ከጓዳ ብቅ ብላ "አክስቴ፣ እንዳይከፋሽ፤ ለመጣው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው" አለችኝ። የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውንም ሰውዬ ይቅርታ ጠይቀሽዋል አሉ። የልጅሽን ስም ረስተሽ፣ የመኝታ ቤትሽን በር ረስተሽ፣ ይህችን አንዷን እንዴት ሳትረሺ ቀረሽ?

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አራት ነበርን። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ ወጠር አድርጎ፣ ተራምዶ መገናኘት አለበት። በተገናኘን ቁጥር አንዳችን ስለ ራሷ ቤት አንድ ስንኝ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች። ወፍራሟ፣ ባልዲ የምንላት፣ የቆርቆሮ ባልዲ ገልብጣ ትመታልናለች። ታላቃችን ደግሞ ካውያ ላይ ነበረች፤ ልብስ ስለምትተኩስ ተኳሿ አልናት፤ አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ወታደር የነበረች እየመሰለው አንቱ ይላት ነበር። ሽርጣችን ደርቆ ስለማያውቅ "እርጥቦቹ" የሚል ስም ወጣልን። መጀመሪያ ለነርሶች አለቃ መሸኛ ዘፈንን፣ ከዚያ ሠርግ ቤት፣ ከዚያ የሠራተኞች አዳራሽ። ተኳሿ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርሷ፣

ጥርሴን በብርጭቆ ማታ ባስቀምጠው፣
ባሌ ጠምቶት ነቅቶ ከነውሃው ዋጠው

ስትል ጥርሱ እውነትም ወልቆ ባልዲው ላይ ያረፈ ቀን፣ ኮስታራዎቹ ሐኪሞች ሳይቀሩ በሳቅ ፍርስ አሉ። ሕጋችን አንዲት ነበረች፦ እያንዳንዷ በራሷ ቤት ብቻ ትቀልዳለች፤ ይዘፈን አይዘፈን የምትለውም የቤቱ ባለቤት ናት።

ስንኙን አሳምሬ የምገጥመው እኔ ነበርኩ። አንቺ አንዷን እንኳ አትይዢም፤ ስለዚህ ከኋላሽ ቆሜ በጆሮሽ እነግርሻለሁ፣ አንቺም እንደወረደ ታወጪዋለሽ። ሰው ግን የሚመጣው ለአንቺ ነበር። አፍሽን ከፍተሽ ስንኙ ጥፍት ሲልብሽ፣ ዞር ብለሽ "ምን ነበር?" ስትዪኝ ጭብጨባው አይጣል ነው። ሊቀዳን የፈለገ የሬዲዮ ጣቢያ ሰውዬ መጥቶ "እኔ የምፈልገው ያቺን ዝንጉዋን ነው፤ እናንተ ከኋላ ታጅቧታላችሁ" ሲል አብሬ ሳቅሁ። አንጀቴ ግን አረረ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ባልሽ ያኔ ከፋብሪካው ከተቀነሰ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ አልነገረሽም። ጠዋት ምሳውን ይዞ ይወጣል፣ መናፈሻ ተቀምጦ ይውላል፣ ማታ "ዛሬስ ደከመኝ" እያለ ይገባል። ደርሰሽበት ዝም አልሽ፤ እንዳያፍር ብለሽ። አንድ ቀን ብቻ አንሶላ ስናጥፍ ለእኔ አንሾካሾክሽልኝ፦

ማልዶ ይወጣል ባሌ ምሳውን ቋጥሮ፣
የመናፈሻ ወንበር ሊጠብቅ ተቀጥሮ።

እየሳቅሽ እንባሽ መጣ። "ይቺ ግን አትዘፈንም፤ ከወጣች ሰውዬው በቁሙ ይሞትብኛል" አልሽኝ። እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩልሽ።

ሬዲዮው ሊቀዳን በመጣበት ቀን ባልሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ ተገኘ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ልጃችሁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። ተራሽ ሲደርስ እንደልማድሽ ጠፋብሽና ጆሮሽን ወደ እኔ አዘነበልሽ። የተዘጋጀችው ስንኝ ወጥ ስለ ማሳረርሽ ነበረች፤ አፌ ላይ ነበረች። እሷን ትቼ ያችን ነገርኩሽ። አንቺም እንደወረደ አወጣሻት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሊያዩን የመጡ የድሮ የፋብሪካ ጓደኞቹ እየዞሩ በጣት ጠቆሙበት። ምን እንዳልሽ የገባሽ ልጅቷን ከጭኑ አውርዶ ሲነሳ ነው። ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

በማግስቱ "አንቺ ነሽ እንዴ እንዲያ ያልሽኝ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "እኔ? እኔማ የወጧን ነው የነገርኩሽ። አንቺ ዝንጉ፣ አምታተሽው ነው!" አልኩሽ። አመንሽኝ። ይባስ ብለሽ "ጉድ ሠራኋችሁ" ብለሽ ይቅርታ ጠየቅሽኝ፤ እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ይቅር አልኩሽ! ከዚያ ወዲያ አልዘፈንሽም። ያለ አንቺ ሞከርን፤ ማንም አልሳቀም። ባልዲን ልጇ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳት፣ ተኳሿ ሞተች። እኔ ዛሬ ነገ ስል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

እሁድ ልጅሽ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እውነቱን ነገርኩሽ። ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያው የነጠላዬን ጫፍ ይዘሽ ታጥፊ ጀመር። በሁለተኛው "ኧረ?" አልሽ። በሦስተኛው ጉንጬን ዳሰስሽና "እሰይ! እኔ አይደለሁማ!" አልሽ፤ ፊትሽ ፈታ ሲል አየሁት። ውሃ ቀድቼልሽ ስመለስ "ግቢ እናቴ፣ ቁጭ በይ" አልሽኝ። ደግሞ እጄን ያዝሽ፤ ደግሞ ይቅርታ ጠየቅሽኝ።

ስለዚህ ጻፍኩት። የሚያነብልሽ ከልጅሽ ሌላ ሰው የለም። እሷ አባቷ በእናቷ አፍ ምክንያት እንደሄደ ነው የምታውቀው። እኔ አልወለድኩም፤ መድኃኒቴን የምታመጣልኝ፣ ስታመም አጠገቤ የምታድር እሷ ናት። ይህን ካነበበች በኋላ ደጄን አትረግጥም፤ ልክ ናት።

ልጄ፣ እዚህ ከደረስሽ ሁሉም ገብቶሻል። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ አልደፍርም። ወረቀቱን ብቻ አትቅደጂው። አሁን ቀና ብለሽ እያት፤ ፊቷ ፈታ ብሎ ይሆናል። ብዙ አይቆይም። እጅሽን ይዛ ይቅርታ መጠየቅ ስትጀምር እንደገና አንብቢላት። ነገም አንብቢላት፤ ከነገ ወዲያም። እኔን በየቀኑ እየጠላሽኝ አንብቢላት።

አክስትሽ የነበርኩት