ለወንዝ ዳር መናፈሻችን ሰብሳቢ፣ ስለ ሾላዋ ጉልበት

ነሐሴ 1976 ዓ.ም.
ከጎፋ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር

ለተከበሩ ጓድ ወጋየሁ፣
የወንዝ ዳር ሕዝባዊ መናፈሻ አደራጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ጓድ ሰብሳቢ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት መናፈሻውን ሊጎበኙ ሲወርዱ ጭቃው አንሸራቶ እንዳንበረከከዎት በዓይኔ አይቻለሁና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጉልበትዎ ከሐሳቤ አልወጣም። እኔ በበኩሌ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን የታመመው እሁድ በጠሩት የማስዋብ ዘመቻ ጎንበስ ቀና ስል ስለሆነ፣ ለበጎ ሥራ ነው የታመመውና አያሳስብዎ።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ባለፈው ስብሰባ ሂስ የማይሰጥ ሰው ጓድ አይባልም ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር፤ የውኃው ብርጭቆ የተደፋውም የእኔው ቀሚስ ላይ ነው። መጻፍም ያስተማረኝ የእናንተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ስላስቆጠራችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህ ደብዳቤ የዚያ ልፋት ፍሬ ነውና እጅዎን ታጥበው ይቅመሱት። ዓረፍተ ነገሬ ከረዘመብዎ ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ አስተማሪያችን አራት ነጥብ የት እንደሚገባ ሊያስረዱን ሲሉ ክረምቱ አልቆ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳው። ወንዙ አፋፍ ላይ ባለችው በትልቋ ሾላ ግንድ ላይ በረጃጅም ሚስማር የተመታው አዲሱ ሰሌዳ ቀለሙ ያማረ፣ ፊደሉም ለእኔ ዓይን እንኳ የሚበቃ በመሆኑ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። ርእሱ «የቦታው ተፈጥሮና ታሪክ» ይላል። ተፈጥሮ በሚለው ሥር ድኩላ፣ አጋዘንና ጉማሬ ተጠቅሰዋል፤ ጉማሬውማ ጭራሽ እስከ ሆዱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ አፉን ከፍቶ ተሥሏል። እሰይ! በበጋ ዶሮ እግሯ ሳይርስ በምትሻገረው ወንዛችን ውስጥ ይህን የሚያህል ፍጡር መኖሩን ሳናውቅ መኖራችን ያሳፍራል። እኛ ያገሬው ሰዎች የምንተዋወቀው ከዳቦ ነጣቂ ጦጣዎቹ፣ ቆሻሻ ፍለጋ ከሚወርደው ጅብና ሾላዋ ስታፈራ ከሚንጫጩት ወፎች ጋር ብቻ ነው። እነሱ ሰሌዳው ላይ የሉም፤ ምናልባት ለመመዝገብ ዘግይተው መጥተው ይሆናል። ዘበኛችን ሙሄ በሰሌዳው ላይ ላሉት እንስሳት ሁሉ ኃላፊ መሆኑ ከተነገረው ወዲህ ምሳውን እንኳ የሚበላው ወንዙን እያየ ነው።

ታሪክ በሚለው ሥር ደግሞ ይህ ቦታ ከአብዮቱ በፊት ጠፍ መሬት እንደነበረና ምንም ታሪክ እንዳልነበረው ተጽፏል። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አጥሩ። መናፈሻው የሕዝብ ሆነ ሲባል እልል ብለን ልንገባ ብንሄድ፣ ሕዝቡ እንዳያበላሸው እስከ በዓሉ ድረስ ሕዝብ እንዳይገባ መታዘዙን ሙሄ አንገቱን ሰብሮ ነገረን። ሙሄን አልወቅሰውም፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲያባርር እንኳ እናቴ እያለ ነው። ደግሞም አጥር ለእኛ አዲስ አይደለም። በባላባቱም ጊዜ ይህ ቦታ አጥርም ዘበኛም ነበረው፤ የያኔው ዘበኛ ቦታው የጌታዬ ነው ብሎ ያባርረን ነበር፣ የአሁኑ የእናንተው ነው ብሎ ያባርረናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከራስ ንብረት መባረር ክብር አለው።

ሦስተኛ፣ ስለ ድንኳኑ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መድረኩ የሚሠራው ወንዙ አፋፍ ላይ በመሆኑ፣ ሾላዋም በክቡር እንግዳውና በሕዝቡ መካከል ገብታ በመቆሟ እንድትቆረጥ መወሰኑን ሰምተናል። ይህን ሰምተን ሳንውል ሳናድር፣ ሾላዋ ከተቆረጠች በኋላ እንግዶቹን ፀሐይ እንዳይመታቸው የዕድራችን ድንኳን በውሰት ይሰጥ ተባልን። ጥላን ቆርጦ ጥላ መዋስ በእኛ አእምሮ የሚደረስበት ስላልሆነ ተደነቅን። ድንኳኑን አንከለክልም። የለቅሶ ድንኳን መሆኑን ግን ለክቡር እንግዳው አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ ሲገቡ ማን ሞቶ ነው ብለው እንዳይደነግጡ። እግረ መንገዴን፣ በሰሌዳው ግርጌ በቀይ ቀለም ዛፍ መቁረጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። ሰሌዳው የተመታው ደግሞ ትቆረጥ በተባለችው ዛፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳው ይውረድ ወይስ ሾላዋ ከነማስጠንቀቂያዋ ትውደቅ፣ ኮሚቴው መመሪያ ቢሰጥበት ቆራጮቹ ከመደናገር ይድናሉ።

አራተኛው ቁም ነገር ነው፤ ቀልዴን እዚህ ላይ ትንሽ አሳርፈዋለሁ።

ጓድ ወጋየሁ፣ ወንዛችን ድልድይ የለውም። የላፍቶ ገበሬዎች ወተትና ሽንኩርታቸውን ይዘው ወደ ጎፋ የሚመጡት፣ እኛም እህል ልንሸምት ወደ እነሱ የምንሄደው ውኃውን በእግራችን ገብተን ነው። ክረምት ላይ ይህ ወንዝ አይታመንም፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይ ከተማ የዘነበው ድንገት ከች ይላል፣ ድፍርስ ስለሆነም ጥልቀቱ አይታይም። እኛ የምናውቀው በሾላዋ ነው። ወደ ውኃው የዘረጋችው ወፍራም ሥር አለ፤ መታጠፊያውን ጉልበቷ፣ ከሱ ዝቅ ያለውን ቁርጭምጭሚቷ እንለዋለን። ውኃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ከሆነ ሸክም ያለበትም ይሻገራል። ጉልበቷን ከነካ ግን እርጉዝም ትሁን ካድሬ፣ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ የደረሰ ሰው ሥሩን አይቶ ለማዶኞቹ ይጮህላቸዋል፤ አይቶ ዝም ያለ በዕድር ይቀጣል። አጥሩ ከመጣ ወዲህ ከውስጥ ሆኖ እያየ የሚጮህልን ሙሄ ነው። ይህ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ እባክዎ እንዳይቀጡት።

ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ባላስፈለገኝ ነበር። አምና ወደ እኛ በተመደቡ ሰሞን፣ ለላፍቶ ገበሬ ማኅበር ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ንግግር ሊያደርጉ ሲጣደፉ ውኃው ጉልበቷን አልፎ ነበር። ይቁሙ ብንልዎ አልሰማ አሉ። ወተት የሚያመላልሰው የላፍቶው ገበሬ ኦቦ ፈየራ ከኮትዎ ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ ሲጎትትዎ አድኃሪ ብለው ሰደቡት። ሰውየው አማርኛው ብዙም ስላልነበረ ምስጋና መስሎት ራሱን ዝቅ አደረገ። ወዲያው አንድ ትልቅ የባሕር ዛፍ ግንድ ሊገቡበት በነበረው ቦታ እየተሽከረከረ ሲያልፍ አዩና ፊትዎ ተለዋወጠ፤ ከዚያማ ውኃው እስኪጎድል ሾላዋ ሥር ቁጭ ብለው የፈየራን እርጎ ጠጡ፣ ደግሞም ጨመሩ። ሾላዋ ባትኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ዛሬ የምጽፈው ለተተኪዎ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ቦታው ታሪክ አልነበረውም ላላችሁት፣ እኔ የማውቀውን አንድ ልንገርዎ። ባላባቱ አንድ ክረምት ወደ ሾላዋ የሚወስደውን መንገድ ሳር እንዳይጋጥብኝ ብሎ በእሾህ አጠረው። ባለቤቴ ሞልቱ ከላፍቶ ጤፍ ተሸክሞ ሲመለስ ሾላዋ ጋ መድረስ ስላልቻለ ዞሮ በላይኛው መሻገሪያ ገባ። እዚያ ጉልበት የለ፣ ቁርጭምጭሚት የለ፤ የሚጮህለትም ሰው አልነበረም። ጤፉ ወንዙ ቁልቁል ቂልንጦ ዘንድ ተገኘ አሉ፣ እሱ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ማልቀስስ ያኔ አልቅሻለሁ። ሰሌዳችሁ ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ግን እንደገና አለቀስኩ፤ ማንበብ ባልተማርኩ ይሻል ነበር ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዕድሩ አይቶ ያልጮኸ ይቀጣ ብሎ የወሰነው ከእሱ ቀብር መልስ ነው። የእሾህ አጥሩም ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ወንዝ ከእኛ ሰፈር ማንንም አልወሰደም። ለሰሌዳ ቢያጥር እንኳ ታሪክ ይባላል።

አምስተኛ፣ ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን የሥራ ሪፖርት ነው። ቆራጮቹ ከሌላ ቀበሌ የሚመጡ ስለሆኑ እንዳይሳሳቱ ኮሚቴው ሾላዋን ወገቧ ላይ በኖራ ምልክት አደረገባት፤ በትእዛዛቸውም ላይ ኖራ የተቀባው ዛፍ ይቆረጥ ተብሎ ተጻፈላቸው። በዚያው ሳምንት ያው ኮሚቴ ለበዓሉ ድምቀት ነዋሪው እሁድ ወጥቶ መናፈሻውን ኖራ እንዲቀባ አዘዘ። ለሥራ ሲሆን አጥሩ ይከፈታልና ገባን። እኛ መቼም ትእዛዝ አንመርጥም። ቅመም ነጋዴዋ ዙሌካ ኖራውን በበርሜል በጠበጠች፣ ዝናብ እንዳያጥበው ጨው ጣል አደረገችበት፤ እኛም ከባሕር ዛፉ እስከ ግራሩ፣ ችግኙን እንኳ ሳንንቅ፣ ሁሉንም ወገብ ወገባቸውን ነጭ አለበስናቸው። ወገቤ የታመመው እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ቆራጮቹ መጋዛቸውን ተሸክመው መጡ። ወረቀቱን ቢያዩ ኖራ የተቀባው ይላል፤ መናፈሻውን ቢያዩ ያልተቀባ የለም። ግራ ገብቷቸው ሙሄን ቢጠይቁት፣ በማኅተም የመጣ ትእዛዝ ላይ አስተያየት የመስጠት ሥልጣን የለኝም አላቸው፤ ደግሞ እውነቱን ነው። ሁሉንም ይቁረጡ ቢባል በዓሉ የሚከበረው ጉቶ ላይ ሊሆን ነው። ሾላዋ ሥር ጥላዋ ላይ ተቀምጠው ከተመካከሩ በኋላ ሊጠይቁ ተመለሱ፤ ይኸው እስካሁን አልመጡም። ስለ ቀናነታችን የምስጋና ደብዳቤ ይደርሰናል ብለን እየጠበቅን ነው። የተረፈውን ኖራ መድፋት ስላሳዘነን የጽሕፈት ቤትዎን በር ቀብተንበታል። ቆራጮቹ ትእዛዝ አክባሪዎች ይመስላሉና፣ ተመልሰው ሲመጡ እርስዎ በሩን ተደግፈው ባይቆሙ እመክራለሁ።

ጓድ ሰብሳቢ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሾላዋን ይተዉልን። መድረኩ ወደ ባሕር ዛፉ በኩል ትንሽ ፈቀቅ ቢል ክቡር እንግዳው ከነክብራቸው ይታያሉ፤ ወንዙም የትም አይሄድባቸውም። ሰሌዳውን ከፈለጉ አይንቀሉት፤ ጉማሬውንም ለምደነዋል። ታሪክ አልነበረውም የምትለዋን መስመር ብቻ በኖራ ቢያጠፉልን ዙሌካ ልትበጠብጥ ፈቃደኛ ናት፤ እኔም ቡሩሹን ይዤ እመጣለሁ።

ለጉልበትዎ ቅቤ፣ ለኮሚቴዎ ማስተዋል፣ ለበዓሉ ደግሞ ዝናብ የማይነካው ቀን እየተመኘሁ፣ ፊደል ላስቆጠረኝ ዘመቻ ያለብኝን ውለታ በዚህ ደብዳቤ በከፊል ከፍያለሁ ብዬ የማምን፣ የተቀረውንም ካስፈለገ በሌላ ደብዳቤ ለመክፈል ዝግጁ የሆንኩ፣

ታዛዥዎ
ፀሐይወርቅ ገብረየስ
የሞልቱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሙሄ፣ በቃል።
ለኦቦ ፈየራ፣ ማዶ ሆኖ እንዲሰማ በጩኸት።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ነገ ለስብሰባ ወደ ላፍቶ እንደሚሻገሩ ሰማሁ። ላይ ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። ከመግባትዎ በፊት ሾላዋ ጋ ቆም ብለው ጉልበቷን ይዩ። እስከዚያ አስቆርጠዋት ከሆነ ግን ሰሌዳውን ካለበት ፈልገው ጉማሬውን ይዩት። ውኃው ለእሱ ሆዱ ድረስ ብቻ ነው፤ ለእርስዎ የት ድረስ እንደሚሆን ግን ሠዓሊው አልጻፈውም፤ የሚጮህልዎትም የለም።