ስላላስመዘገብኳት ደባሌ ለውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢያችን

ለተከበሩ ኦቦ ነገሳ
የላይኛው ፉሪ ሰፈር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ደባል አስጠግተሻል ተብዬ ስለተዘጋብኝ ቧንቧ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ላሞችዎ፣ በተለይም በዚህ የየካቲት ሐሩር የሰፈሩ ሣር ሁሉ ገለባ ሲሆን እንደ ነሐሴ ለምልሞ የከረመው የግቢዎ ሣር እንደምን ሰንብታችኋል? አከም ጅርቱ? እኔ የቧንቧዬን ዝምታ ካልቆጠርኩት እጅግ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከሰፈሩ የውሃ ሮቶ ሥር ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ለድፍረት ተቆጥሮ እንዳይታይብኝ፤ ሦስት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሻገሩ እግረ መንገድዎን ያነቡት ዘንድ ነው።

አቤቱታዬን እንደ ኮሚቴው ደንብ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ መስኮቴ። የአጥር ጎረቤቴ ቦሰና ስለ እኔ ኑሮ ከእኔ የተሻለ መረጃ ያላት ሴት መሆኗን ሰፈሩ ያውቃል። ይህችው ጎረቤቴ የጓዳዬ መስኮት ዘወትር ከውስጥ በላብ እንደሚሸፈን ተመልክታ፣ «እኛ እግራችንን የምንታጠብበት አጥተን፣ እዚያ ቤት በየቀኑ ገላውን የሚታጠብ አለ» ስትል ለኮሚቴዎ አመለከተች። ቀጥላም «ላሊሴ፣ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ጠጣሽ ወይ?» ስል በጆሮዋ መስማቷን መሰከረች። የፈረቃ ውሃ የሚደርሰንም የምንከፍለውም በነዋሪ ቁጥር ነውና፣ ኮሚቴው ቅጹ ላይ «የነዋሪ ብዛት፦ አንድ» ብዬ የሞላሁትን ካየ በኋላ ላሊሴ የምትባል ሴት ደብቄያለሁ ብሎ ወሰነ። የሰፈሩ ሰው ግምት ደግሞ ከኮሚቴውም ይሰፋል፤ ከአረብ አገር የተመለሰች እህቴ ናት የሚል አለ፣ ከባሏ የጠፋች ሙሽራ ናት የሚል አለ፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ስሳፈር ስለ ጤናዋ ይጠይቁኛል።

2ኛ. ስለ ላሊሴ ማንነት። ላሊሴ እባብ ናት። አረንጓዴ፣ ከአውራ ጣት የማትወፍር፣ መርዝ የሌላት እባብ ናት፤ መርዝ እንደሌላት የነገረኝም የእባብ ትምህርት የተማረ ሰው እንጂ የራሴ ልብ አይደለም። ስድስት ዓመት በሠራሁበት ሰበታ አካባቢ ባለ የአበባ እርሻ፣ ችግኝ ቤት ውስጥ ተገኝታ ጅራቷን በዱላ መትተው ሊጨርሷት ሲሉ ደረስኩ። አብራኝ የምትሠራው ኤቢሴ ልምላሜዋን አይታ ላሊሴ፣ ለምለም እንደማለት፣ ብላ በኦሮምኛ ስም አወጣችላት፤ እኔም ክረምት ገብቶ ወንዝ ዳር እስክለቃት ድረስ ቁስሏን ላስታምም ወደ ቤቴ ወሰድኳት።

ቤቷን ከተዘጋ የዓለም ገና ኬክ ቤት በተገዛ የመስታወት ሳጥን ሠራሁላት። ወለሉ ችግኝ የሚፈላበት የኮኮናት ልጣጭ ፍቅፋቂ ነው፤ ጥግ ላይ የተደፋችው የቅቤ ባልዲ በር ተበጅቶላት፣ ውስጧ ከዛፍ ግንድ ላይ የተላጠ እንደ ሣር ያለ እርጥብ ሽፋን ተሞልቶ መሸሸጊያ ሆናለች። ዙሪያውን የነከርኳቸው ጆንያዎች ተሰቅለዋል። ላዩን በወንፊት ሽቦ የከደንኩት አየር እንዲገባ ነው፤ ከታፈነ ሆዷ ይቆስላል። የርጥበት መለኪያዋ መርፌ ከስድሳ በመቶ መውረድ የለበትም፤ ቆዳዋን ልትጥል ስትል ደግሞ ሰማንያ ድረስ ትፈልጋለች። ይህ ሁሉ በቀን አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ቦሰና ያየችው የገላ መታጠቢያ ይኸው ነው።

3ኛ. ስለ ጓጉንቸሩ። ባለፈው ማክሰኞ ጸሐፊዎ ኢብሳ መጥቶ ቧንቧዬን በጓጉንቸር ሲቆልፍ ይህንኑ እውነት ነገርኩት። በትዕግሥት አዳምጦኝ፣ «እህቴ፣ እባብ ገላውን አይታጠብም» አለኝና፣ «ደባልዎ ከነመታወቂያዋ ቀርባ እስክትመዘገብ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ማኅተሙ በጣም ያምራል። ቀለሙም ገና እርጥብ ነበር፤ በዚያ ቀን በቤቴ ያየሁት እርጥብ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ነገሩን ቀልድ እንዳያስመስልብኝ የምፈራው እዚህ ላይ ነው። የላሊሴ ዐይን ከረቡዕ ጀምሮ እንደ ወተት ደፍርሷል፤ ቆዳዋን የምትጥልበት ቀን ደርሷል ማለት ነው። አየሩ ከደረቀባት ቆዳው እየተቀዳደደ ይወርድና ዐይኗ ላይ ያለው ተጣብቆ ይቀራል። ዐይኗ የተሸፈነ እባብ አያድንም፤ የማያድን እባብ ደግሞ አይበላም። በባጃጅ ከዓለም ገና የማመጣትን አንድ ጀሪካን ለድስቴና ለጆንያዋ እያካፈልኩ ነው፤ መርፌው ግን አርባ ላይ ወርዷል። ከሰሰችኝ ያልኳት ቦሰና እንኳ ገብታ ካየቻት በኋላ በአጥር ላይ አንድ ጆግ ውሃ አቀበለችኝና፣ «ላንቺ አይደለም፣ ለሷ ነው» ብላኝ ፊቷን አዞረች። ከኮሚቴው የሚጠበቀውን ያህል ባይሆንም አመሰግናታለሁ።

4ኛ. ይህ ቁጥር ስለ ሣር ነበር። ወይዘሮ ጠጅቱን ስለማከብር ትቼዋለሁ።

5ኛ. ነገ ዓርብ ኮሚቴው ነዋሪ ሊቆጥር ቤቴ እንደሚመጣ ተነግሮኛል፤ በደስታ እጠብቃለሁ። ሳጥኑን እኔ ካልሆንኩ ማንም እንዳይከፍተው ግን አደራ እላለሁ።

በመጨረሻም አንዲት ብቸኛ ሴት ቤት ውስጥ ስንት ሰው ገላውን እንደሚታጠብ ለማጣራት ለደከማችሁት ድካም፣ ከሰፈሩ ቧንቧዎች መካከል የእኔን መርጣችሁ ለሰጣችሁት ትኩረት፣ ከሁሉም በላይ ማንንም በቀላሉ ላለማመን ስላላችሁ ጥንቃቄ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ጥንቃቄው ወደ እኔም ተጋብቶ ሰሞኑን ብዙ ነገር አስተውላለሁ።

የውሃ ፈረቃ የማይደርሳት ትሑት ጎረቤትዎ፣
የወይንሐረግ ታመነ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጠጅቱ
ለቦሰና (ከመለጠፉ በፊት ስላነበበችው ለመረጃ ያህል)

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ እሑድ ከሰዓት

ዓርብ ዕለት ከኢብሳ ጋር የመጡትን ሁለት የኮሚቴ አባላት ሳሎን ሳስቀምጥ እሱ ብቻውን ጓዳ ገብቶ ሳጥኑን ከፈተ፣ ጆንያውን ገለጠ፣ እባብ መሆኗንም በዐይኑ አረጋገጠ። ደንግጦ በአጥር ዘልሎ ስለወጣ አንድ ጫማው እኔ ዘንድ ይገኛል፤ መታወቂያውን ይዞ ሲመጣ እሰጠዋለሁ። ሳጥኑን ግን ሳይዘጋው ሄዷልና ላሊሴ ወጣች። ሁለት ቀን ሙሉ በደረቱ የሚሳብ ሰው መስዬ ሰፈሩን ፈለግሁ። ቆዳዋን ልትጥል ያለች እባብ ርጥበት ወዳለበት ትሄዳለች፤ ሰፈራችን ግን ከዳር እስከ ዳር አቧራ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወይዘሮ ጠጅቱ ከጓሮዎ «ኮቱ፣ የወይንሐረግ፣ ነይ እዪ» ብለው ጠሩኝ። ጎመን ሊቀጥፉ ወጥተው፣ ከሮቶው ተነሥቶ በአጥርዎ ሥር ከሚያልፈው ቱቦ አጠገብ፣ ሣሩ መሃል አግኝተውት ነው። ከአፍንጫ እስከ ጅራት አንዲት ቀዳዳ የሌለበት ቆዳ፤ ሁለቱም የዐይን ሽፋኖች እንደ ሰዓት መስታወት ጠርተው በቦታቸው አሉ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ዐይኗ ተርፏል። የስድስት ዓመት የአበባ እርሻ ሠራተኛ እንደመሆኔ ግን ለኮሚቴው መግለጽ ያለብኝ ነገር አለ፤ ቆዳ እንዲህ ሙሉ ሆኖ የሚወርደው መሬቱ ለቀናት በርጥበት በከረመበት ቦታ ብቻ ነው። የእኔ መለኪያ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህኛው አይሳሳትም። ለመዝገባችሁ ይሆን ዘንድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ።

ላሊሴ ራሷ እስካሁን አልተገኘችም፤ ከግቢዎ የምትወጣበትም ምክንያት አይታየኝም። ወይዘሮ ጠጅቱ ዱላ እንዳይነሣባት ቃል ገብተውልኛል፤ የእርስዎን ቃል በማኅተም እጠብቃለሁ። በደንባችሁ መሠረት ደባል የሚመዘገበው ውሃውን በሚጠቀምበት ቤት ነውና፣ የእኔን ጓጉንቸር ካነሡልኝ በኋላ በእርስዎ ቅጽ ላይ «የነዋሪ ብዛት» ከሚለው አጠገብ አንድ እንዲጨምሩ በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።

አባሪ፦ አንድ ቆዳ