ምስማሩ ላይ የቀረው ቁልፍ

ለገመቹ፣ ለቤቴ ሰው፤

ከተለየኸኝ አስር ወር ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ተናድጄብህ ስለሆነ ለመጻፍ የተቀመጥኩት እሱ ለኋላ ይቆየኝ። በሞተ ባል ይቀናል ወይ ብለህ ትስቅ ይሆናል። ይቀናል። አስካለ ሚስትህ በሕይወት ሳለህ ከቀናችብህ ይልቅ ዛሬ ብሶባታል። ያኔ ቢያንስ ስትገባ አኮርፍብህ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የአቮካዶው ቅርንጫፍ በንፋስ ተሰብሮ የማዕድ ቤቱን ቆርቆሮ ጎዳው። አስጠግኜዋለሁ፤ ግን አንተ እንደምትሠራው አልሆነም። እዚህ መቱ ከተማ ዝናብ በበረታ ቁጥር ምድጃው አጠገብ ጠብ ጠብ ይላል። ሲፈን ልጃችን ጎሬ ማስተማሯን ቀጥላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣች ታየኛለች፣ እሁድ ከሰዓት ትመለሳለች። ሞተር ሳይክልህን ድርጅቱ ወስዶታል። የዝናብ ካፖርትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ከካፖርቱ በላይ ያለው ምስማርም እንደነበረ አለ፣ ቁልፉም ላዩ ላይ አለ። ዛሬ የምጽፍልህም ስለዚያ ቁልፍ ነው።

እዚያ የሉተራኖች የእርዳታ ድርጅት በገባህበት ሰሞን ሥራህ ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በጋምቤላ በኩል የመጡ፣ ከአረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች ከተማው ውስጥ ቤት እስኪያገኙ ትንከራተትላቸው ነበር። አከራይ ትለምናለህ፣ ቀበሌ ትመላለሳለህ፣ ፍራሽ በሞተር ጭነህ ትሄዳለህ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ቁልፍ ይቀረጻል። አንዱ ለሚገቡበት ሰዎች ይሰጣል፣ ሌላው አንተ ጋ ይቆያል። ሰው በእንግዳ አገር መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቁልፍ ይጥላል፣ ልጅ ይቆልፍበታል ትል ነበር። ቀን አልፎ ቤቱን ሲለምዱት ግን ራሳቸው መጥተው ያንን ሁለተኛ ቁልፍ ይጠይቁሃል። ያን ቀን እንደ ሠርግ ደስ ይልሃል። ቁልፌን ስጠኝ ያለ ሰው አገር ገባ ማለት ነው እያልክ ስትገባ ትነግረኛለህ፤ ከምስማሩም አንድ ቁልፍ ይቀንሳል።

የሁሉም ቁልፍ ሄደ፤ የአንዲት ኛማል የምትባል የደቡብ ሱዳን ሴት ቁልፍ ግን አልሄደም።

ኛማልን ስታመጣት ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሯት። ታናሹ ሆስፒታል የሚመላለስ በሽተኛ ስለነበር ነው ከካምፕ ወጥታ እዚህ እንድትኖር የተፈቀደላት። ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ፣ ሰው ሲያናግራት ዓይኑን የማትሸሽ ሴት። እኔ እንደምታውቀኝ አጭር ነኝ። ወደ ጎሬ መውጫ አንድ ክፍል ቤት ተከራየህላት። ከዚያማ የእሷ በር ተበላሸ፣ የእሷ ጣሪያ አፈሰሰ፣ የእሷ ልጅ ታመመ ሆነ ነገሩ ሁሉ። እቤት ስትመጣ በልቼ መጥቻለሁ ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ የሠራሁልህን ወጥ መልሼ እከድናለሁ። አዲስ ቤት የገባ ሰው የመጀመሪያውን ምግብ ብቻውን መብላት የለበትም ብለህ ከሁሉም ጋር እንደምትበላ አውቃለሁ። ግን የመጀመሪያ ምግብ ስንት ጊዜ ይበላል? ብርድ ልብሴም ጠፋ፣ ቀዩ። ብል በልቶት ይሆናል አልከኝ፤ ብል ብርድ ልብስ ከነጠርዙ አይውጥም።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት። ከእሷ በኋላ የመጡት ቁልፋቸውን ወስደው አገር ገቡ፣ አንዳንዶቹ ሱቅ ከፈቱ፤ የእሷ ቁልፍ ግን በየቀኑ ስወጣ ስገባ ምስማሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ባሌ የሌላ ሴት ቤት ቁልፍ በገዛ ግድግዳዬ ላይ ሰቅሏል፣ እኔም አቧራውን እጠርግለታለሁ እያልኩ አንጀቴ ያርር ነበር። አልጠየቅኩህም። መልሱን ፈርቼ ነው።

አሁን የምነግርህን ለሲፈን እንኳ አልነገርኳትም። ቁልፉ ሦስት ቀን ጠፍቶብህ ቤቱን ያመሰቃቀልክ ጊዜ፣ እኔ ነበርኩ የደበቅኩት። ሽሮ ዱቄቱ ጣሳ ውስጥ ቀብሬው ነበር። አልጋ ስር ተንበርክከህ ስትፈልግ ቆሜ አየሁህ፣ ደስም አለኝ። በሦስተኛው ቀን አሳዘንከኝና መልሼ ሰቀልኩት። ያን ቀን ማታ ቁልፉን ከምስማሩ አነሳህ፣ ጥርሶቹ መሃል የገባውን ዱቄት በሸሚዝህ ጫፍ ጠረግክ፣ መልሰህ ሰቀልክ፣ እራት አለ ወይ አልከኝ። ይኸው ነው። ምነው ያኔ በጮህክብኝ።

ከዚያ አንተ ሞትክ። ለቅሶው ላይ ኛማል ከዘመድ በፊት ደረሰች። ውሃ ቀዳች፣ እንጨት ፈለጠች፣ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ በቋንቋዋ አለቀሰች። ድምጿ ከእኔ ድምፅ በለጠ። ሴቶቹ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። አንዷማ ጠጋ ብላ፣ እትዬ አስካለ፣ ይቺ ማን ናት አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ሐዘኔን እንኳ ሙሉውን አልተውሽልኝም ብዬ ልጮህባት ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ።

ባለፈው ወር በአንተ ቦታ የተቀጠረው ወጣት ቤት መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አካም ጂርቱ አዴ፣ እንዴት ነዎት ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አንድ ቁልፍ ሳይመለስ ቀርቷል፣ ጋሼ ገመቹ እቤት አስቀምጠውት ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። የተከፈተው በር ምስማሩን ጋርዶት ነበርና አላየውም። የለም አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ ገባህ? እኔው ራሴ ወስጄ ፊቷ ላይ ልወረውርባት ነው። ባሌ አራት ዓመት ለምን ያዘው ብዬ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ልጠይቃት።

በማግስቱ ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ብርድ ልብሴን ነው፤ ልጁ ተጠቅልሎበት ተኝቷል። ቁልፉን ዘረጋሁላት። ኛማል ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። እንደዚያ ያለች ሴት ስትፈራ አየሁ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። እሷው ተናገረች፣ በዚያች ስብርብር ባለች አማርኛዋ። ሦስት ጊዜ አምጥተህላት ሦስት ጊዜ እንቢ ብላሃለች። በዚህ አገር ዘመድ የለኝም አለችኝ። አንድ ቀን ብወድቅ በሬን ማን ይከፍታል፣ ልጆቼ ቁመታቸው መቀርቀሪያው ጋ አይደርስም አለችኝ። ከዚያ ያንተን መልስ ነገረችኝ። እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ቁልፉ ያለው ባለቤቴ ጋ ነው፣ እሷ ዕቃ አይጠፋባትም ብለሃታል። መቼ ነው ያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። የነገረችኝ ጊዜ ቁልፉን ሽሮ ጣሳው ውስጥ ከደበቅኩት በኋላ ነው፣ ገመቹ። ከዚያ በኋላ!

እዚያው በሯ ላይ አለቀስኩ። አስገባችኝ። የገንፎ ምሳዋን አካፈለችኝና አብረን በላን። የመጀመሪያ ምግባችን መሆኑ ትዝ ያለኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው።

ታዲያ ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስልህ። አንተ ጣሪያዋን ስትጠግን ትዘፍን እንደነበር ነገረችኝ። ለእኔ መቼ ዘፍነህ ታውቃለህ? ሠላሳ ዓመት ስንኖር ያንተን ዘፈን ከሌላ ሴት አፍ ልስማው? ዜማውን አንጎራጉራ አሳየችኝ፣ እኔም እንዳልሰማሁ ሆኜ አንድ በአንድ ያዝኩት።

ቁልፏን መልሼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ለወጣቱም ሄጄ እውነቱን ነገርኩት፤ ይሁን እርስዎ ጋ ይቆይ አለ። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳሰላስል ቆየሁ። ሲፈን ጎሬ ናት። እኔስ ብወድቅ በሬን ማን ይከፍታል? ካፖርትህ ኪስ ውስጥ የቀረውን ያንተን የቤት ቁልፍ አውጥቼ ለኛማል ሰጠኋት። ያን ጊዜ እጇን አልደበቀችም።

ባለፈው ሐሙስ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ጠዋት ላይ ያንተ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ሰማሁ። ያው እንደ ድሮው መጀመሪያ ያንገራግራል፣ ከዚያ ቀጭ ይላል። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ፀጉሬንም በእጄ ነካ ነካ አደረግኩ። በሩ ተከፈተ። ኛማል ናት፣ መታመሜን ከጎረቤት ሰምታ ትኩስ ሾርባ ይዛ።

እንዴት እንደቀናሁ! በገዛ እጄ የሰጠኋትን ቁልፍ ነጥቄ ልወረውረው ደርሼ ነበር። ከዚያ ሾርባውን አብረን ጠጣን።

ቃሌ ይኸውልህ። ኛማል እንደማትረሳህ አውቃለሁ፤ ለልጆቿ ስምህን ስትነግራቸው ሰምቻለሁ። እንግዲህ እሷ እስካስታወሰችህ ድረስ አስታውስሃለሁ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ቀን እጨምራለሁ። ያቺ አንዷ ቀን የእኔ ብቻ ናት።

ሚስትህ አስካለ